ሌኒን አጠገብ የተሰወረች ሣጥን

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፤ ከሚሴ።

  ባለፈው ደብዳቤዎ «ከሥራ ስትወጣ በምን ትውላለህ?» ብለው ስለጠየቁኝ፣ መልሴ የእናቴን ቤተ ዘመድ በሙሉ ለዱዓ እንዳያስነሣ እየፈራሁ እነሆ እውነቱን እጽፋለሁ፤ የማላውቀው ሰው የደበቀውን፣ ባገኘውም የማልወስደውን ነገር በመፈለግ እውላለሁ።

ነገሩ ጂኦካሺንግ ይባላል። የአሜሪካ መንግሥት በ20 ሺህ ኪሎ ሜትር ከፍታ ምድርን ከሚዞሩት የጂፒኤስ ሳተላይቶች ለሕዝብ የሚደርሰውን ምልክት ሆነ ብሎ ሲያዛባ ኖሮ፣ በ1992 ዓ.ም. ሚያዝያ 24 ቀን ማዛባቱን ቢተው፣ በማግሥቱ ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው በኦሪገን ግዛት አንድ ባልዲ ሸሽጎ፣ መዝገብና እርሳስ ከአንድ ጣሳ ባቄላ ጋር አኑሮበት፣ የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ ለዓለም ገለጠ፤ ባቄላው ለምን እንዳስፈለገ እስከ ዛሬ አልገባኝም። የጨዋታው ዋና መሥሪያ ቤት እኔ በምኖርበት በሲያትል ከተማ፣ ፍሪሞንት በሚባለው ሰፈር ይገኛል። ሰፈሩ ራሱን «የዩኒቨርስ ማዕከል» ብሎ ሰይሟል፤ የባቲን የሰኞ ገበያ ስላላዩ አልፈርድባቸውም።

በዚህ ሰፈር ሌኒን ቆሟል። አዎን፣ ያው ሌኒን፤ በቀበሌ የውይይት ክበብ ስለ እርሱ በተነገረ ቁጥር እንቅልፍ ይጥልዎ የነበረው፣ የአዲስ አበባው ሐውልቱም በግንቦት 1983 ዓ.ም. ተገርስሶ የወደቀው። ይህኛው ወደ አምስት ሜትር የሚደርስ የነሐስ ሥራ ሲሆን፣ ቡልጋሪያ የተወለደው ቀራጺ ኤሚል ቬንኮቭ ሠርቶት በቼኮስሎቫኪያ፣ በፖፕራድ ከተማ ከቆመ በኋላ፣ የዚያ አገር የኮሚኒስት መንግሥት ሲያልፍ አንድ አሜሪካዊ ገዝቶ አመጣው፤ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮም እዚህ ቆሞ ገዢ ይጠብቃል። በፈረንጆች ገና መብራት ይጠመጥሙለታል።

በዚህ ሰፈር የፈለግኋት የጨዋታው ሣጥን ግን በእንቆቅልሽ የታተመች ናት። የተገለጠው አድራሻ ሌኒን ዘንድ ያደርሳል፤ እውነተኛው ከዚያ 3 ኪሎ ሜትር ያህል በማይርቅ ክልል ውስጥ ተሰውሮ፣ ለፈታው ብቻ ይገለጣል። ባለ እንቆቅልሹም፣ ማንም አያነበውም ብሎ ይመስለኛል፣ ሐበሻ በሞላበት ከተማ የኛን የግእዝ አኃዝ ደርድሮበታል!

አብሮኝ የሚኖረው የላስታ ሰው ድቁና የተቀበለና ባሕረ ሐሳብ የሚቆጥር ነውና፣ ጽሑፉን ባሳየሁት ጊዜ ከምሥጢሩ ይልቅ ግድፈቱን ተመለከተ። የኬክሮሱ ዲግሪ አርባ ሰባት «፵፯» ተብሎ መጻፍ ሲገባው «፬፯» ተብሎ አራትና ሰባት ጎን ለጎን መቆማቸው እንደ ኑፋቄ ሆኖ ታየው። የባሰው ደግሞ ከሠላሳ ዘጠኙ ደቂቃ ቀጥሎ የመጣው «፲» ነበር። ከደቂቃው በኋላ የሚከተሉት አኃዞች ሦስት ብቻ ናቸው፤ የመጨረሻዋ በኬክሮስ በኩል ሁለት ሜትር የማትሞላ ርቀት ናትና ከዚያ የሚያንስ አይጻፍም። «፲»ን ዐሥር ካልነው ሦስቱ አራት ይሆናሉ። ስለዚህ ሰውየው፣ ከግሪክ ፊደል የወጣው የግእዝ አኃዝ ዜሮ ስለሌለው፣ ቸግሮት «፲»ን በዜሮ ፈንታ አቁሟል አልሁ። ዲያቆኑም «ለሌለ ነገር አኃዝ አይቆምለትም» እያለ እስከ እራት ተከራከረኝ። እርስዎ በመድረሳ የተማሩት የዐረብ አኃዝ ባዶውን በአንዲት ነጥብ ስለሚያሳይ፣ ባለ እንቆቅልሹ ከእርስዎ ቢማር ኖሮ እኛም እራታችንን በሰላም በበላን ነበር።

ቁጥሩ ከአንድ የአውቶቡስ መቆሚያ አጠገብ ካለ የብረት አጥር አደረሰን፤ መከራውም የጀመረው ከዚያ ነው፤ ደንቡ ጨዋታውን የማያውቅ አላፊ አግዳሚ ሳያይ ፈልጉ ይላልና። በኛ አገር የጠፋ የሚገኘው በመጠየቅ ነው። በበጋ አፋሩ ግመሉን፣ ኦሮሞውና አማራው ከብቱን እየነዳ ወደ ጨፋ ሣር በሚወርድበት ወራት አንዲት ጊደር ከቦርከና ማዶ ብትሰወር፣ አፋሩ በዳጉ ልማድ መሠረት መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ ያየውንና የሰማውን ሳይጠይቅ፣ የራሱንም ሳይነግር አያልፍምና፣ የጊደሪቱ ወሬ ከጊደሪቱ ቀድሞ ባለቤቷ ዘንድ ይደርሳል። ከሚሴ መናኸሪያ ላይ አንድ ሰው አጎንብሶ መሬት መሬት ቢያይማ፣ ምን እንደጠፋ ሳይጠይቅ አብሮት የሚያጎነብሰው ሕዝብ መንገዱን ይዘጋል። እዚህ ግን እኔ የጫማዬን ማሰሪያ እየፈታሁ ስቋጥር፣ ዲያቆኑ ሰው የሚያነጋግር ለመምሰል ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ውዳሴ ማርያም ይደግም ነበር።

ውሻዋን የምታንሸራሽር አንዲት ባልቴት ቆም ብላ «የጠፋባችሁ ነገር አለ?» አለችን። ዲያቆኑ መዋሸት አይችልምና «የጠፋብን የለም፤ የምንፈልገው ግን አለ» ብሎ መለሰ። ሴትዮዋ ግራና ቀኝ ተመልክታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ከታችኛው ብረት በስተጀርባ» አለችና ውሻዋን ጎትታ ሄደች። ለካ እርስዋም ከወገኑ ኖራለች!

አውራ ጣት የምታህል፣ በማግኔት የተጣበቀች ሣጥን ናት። በውስጧ የተጠቀለለ ወረቀት አለ፤ ያገኛት ሁሉ ስሙንና ቀኑን ጽፎ ወደ ስፍራዋ ይመልሳታል። ዲያቆኑ ዓመተ ምሕረቱን በትክክለኛው የግእዝ አኃዝ አሳምሮ ስለጻፈ፣ ባለ እንቆቅልሹ መዝገቡን ሲመረምር ሣጥኒቱ ገና ሳትደበቅ ከዓመታት በፊት እንደተገኘች ሊያነብ ነው።

ለቤቱ ክዳን ቆርቆሮ የጠየቁኝን ገንዘብ ልኬያለሁ። የመቀበያውን የምሥጢር ቁጥር ሌባ እንዳያነበው በግእዝ አኃዝ እንዲጽፍልኝ ዲያቆኑን ብለምነው፣ በመካከሉ ሁለት ዜሮ አለበትና አሻፈረኝ አለ፤ ስለዚህ ዓርብ ከጁምዓ ሲመለሱ ስልክዎን ክፍት ያድርጉልኝ።

የእኅትዎ ልጅ