ሐተታ በእንተ ዶሮ ወጥ ዘቤርሳቤህ

መጽሐፈ ኩፋሌ ዐዘቅተ መሐላ በሚላት፣ የዛሬ ነዋሪዎቿም ቤር ሼቫ ብለው በሚጠሯት ከተማ፣ አንጀት የሚያርስ የቤት ወጥ በመመኘት ከጎንደር የመጣነው እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም፤ ያዕቆብ ከዚህችው ከቤርሳቤህ ተነሥቶ ወደ ካራን ከመሰደዱ በፊት፣ አባቱ ይስሐቅ ዓይኑ ፈዝዞ ሞቱን ሲጠባበቅ ከዓለም ጣዕም ሁሉ የለመነው አንድ የሚወደውን መብል ነበርና። ርብቃም የአደኑን ሥጋ ሳትጠብቅ ሁለት የፍየል ጠቦቶች አጣፍጣ ሠራችለት፤ ሽማግሌውም ልጁን በድምፁና በእጁ ሲመረምር ወጡን ግን ሳይመረምር በላ። እንግዲህ በዚህች ከተማ የናፍቆት ምግብ ከጥንት ጀምሮ በምትክ የሚሠራ መሆኑን ይህች ሐተታ ታስረዳለች።

ጥናቱ የተካሄደው ሽኩና ዩድ አሌፍ በሚባለው ሰፈር ነው። ከተማይቱ ብዙዎቹን ሰፈሮቿን በዕብራይስጥ ፊደል ስለምትጠራ፣ ዩድ 10 አሌፍም 1 ሆነው በድምሩ 11 ይሆናሉ። የዶሮ ብልት ግን፣ ማንኛዋም የጎንደር ሙሽራ እንደምታውቀው፣ 12 ነው። ይህ የአንድ ጉድለት ለብዙ ጊዜ ሲያስጨንቀኝ ኖሮ መፍትሔውን በሱፐርማርኬት ማቀዝቀዣ ውስጥ አገኘሁት፤ ዶሮው ታርዶ፣ ተነጭቶ፣ በጨው ታጥቦ፣ በፌስታል ታስሮ የሚሸጥ ስለሆነ፣ ባለሙያዋ መገጣጠሚያውን ለመፍታት ቢላዋ ስታነሣ አጥንቱ አስቀድሞ በመጋዝ ተሰንጥቆ ይጠብቃታል። ፈረሰኛው ወዴት እንደ ገባ የሚመልስ ሻጭ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

ስለ ቅቤው ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ጠቦትን በእናቱ ወተት መቀቀልን ኦሪት ስትከለክል ረቢዎች ክልከላውን እስከ ዶሮ አድርሰውታል። በጥንት ዘመን ረቢ ዮሴ ገሊላዊው ዶሮ የእናት ወተት የላትም ሲል ተሟግቶ ነበር፤ እንደ እኔ እንደ እኔ ክርክሩ የሚናቅ አልነበረም፤ ነገር ግን ተረታ፣ ከእርሱም ጋር ንጥር ቅቤያችን ተረታ። ስለዚህ የዩድ አሌፍ ዶሮ በዘይት ይቁላላል።

ይህን ወጥ የሚሻ ሰው ማስታወቂያ የተሰቀለበት ምግብ ቤት አይፈልግ፤ ዓርብ ከቀትር በኋላ ሽኩን የሚሉትን የመኖሪያ ሕንጻ ደረጃ አፍንጫውን አስቀድሞ ይውጣ። እኔ በወጣሁበት ቀን በመጀመሪያው ፎቅ የሞሮኮዎቹ ኩስኩስ፣ በሁለተኛው የሩሶቹ ቀይ ሥር፣ በሦስተኛው ቀስ ብሎ የሚበስል ሽንኩርትና በርበሬ ተቀበሉኝ።

«እማማ፣ በርበሬው ስንት ማንኪያ ነው?» ብዬ በወጥ ሠሪዋ ፊት ደብተሬን ዘረጋሁ።

«እስኪበቃው ነዋ ልጄ!»

ይህ ቃል ትርጓሜ ይሻል። እስኪበቃው ማለት፣ ቁሌቱ እስኪጠቁር፤ አንድም፣ የሁለተኛው ፎቅ ጎረቤት እስኪያስነጥሰው፤ አንድም፣ ዘመድ ከአገር ቤት የላከው በርበሬ እስኪያልቅ። ሦስተኛው ለምሥጢሩ ይቀርባል።

ድስቱስ ከጎንደር የመጣ ነውን? አይደለም። በግንቦት 1991 እ.ኤ.አ. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 የሚበልጥ የቤተ እስራኤል ሰው ከ36 ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ወደ እስራኤል ሲጓጓዝ የአውሮፕላኑ መቀመጫ እንኳ ተነቅሎ ወጥቶ ነበርና ለድስት ቦታ አልተረፈም። እንጀራውም በኤሌክትሪክ ምጣድ የተጋገረ፣ ጤፉ ስንዴ የገባበት ነው። እማማ በጎንደር ሳሉ ሰንበት ሲገባ እሳት ጠፍቶ ምግቡ ቀዝቅዞ ይበላ ነበር፤ እዚህ ግን ድስቱ ፕላታ በሚሉት የሰንበት ማሞቂያ ላይ ያድራል።

ማታ ቄሱ ባርከው ሲያበቁ፣ ዓይናቸው የደከመው የቤቱ አባወራ መረቁን በእንጀራ ዳር ነክተው ቀና አሉ።

«ይህ የጎንደር ዶሮ ነው?»

«አዎን፣ የጎንደር ነው» አሉ እማማ።

መረቁንና በሉ።