ግንቦትና ሰኔን ያያችሁ ወዲህ በሉኝ

እኔ ሙያውን የተማርኩበት የሒሳብ መዝገብ ክብደቱ የአንድ ጠቦት ያህል ነበር። ጀርባው ጨርቅ፣ ጠርዙ ቀይ፣ ከመደርደሪያ ሲወርድ ወገብ ያስይዛል። አይጥ በላው እንበል። አይጥ ምን ያህል ትበላለች? ጥጉን ነው። ቡና ፈሰሰበት እንበል፤ 1 ይሁን 7 ለመለየት ወደ መስኮት ጠጋ ተደርጎ ይነበባል። መዝገብ ይቀደዳል፣ ይሻግታል፣ ይጠፋልም። "አልከፈትም" ብሎ ያስቸገረ መዝገብ ግን አላጋጠመኝም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ቤት መዋሉ ስላላማረኝ፣ ባለቤቴንም ስላላማራት፣ መርካቶ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ በሳምንት ሦስት ቀን ሒሳብ እሠራለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ የምትመዘግበው አንዲት ልጅ ናት፤ ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ ሲሮጡ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ የወረደ ይመስላል። እኔ ደረሰኝ አመሳክራለሁ፣ እፈርማለሁ፣ እነጫነጫለሁ። ለሦስተኛው አይከፈለኝም።

ሐምሌ 3 ጠዋት፣ የበጀት ዓመቱ ባለቀ በሦስተኛው ቀን፣ ልጅቷ የድርጅቱን ፋይል ለመክፈት ጠቅ ጠቅ አደረገች። አንዲት የእንግሊዝኛ መስመር ብቅ አለች። ዘግታት ደገመች። ያቺው መስመር።

"ጋሼ፣ አልከፍት አለኝ።"

"ምን አድርገሽው ነው?"

"ምንም።"

ኮምፒውተር ከተበላሸ በኋላ "አዎ፣ እንዲህ አድርጌው ነበር" ያለ ሰው እስካሁን አልተወለደም። "አጥፊና አብሪው" አልኩ፤ በዚህ ጉዳይ ያለኝ እውቀት በሙሉ ይኸው ነው። ጠፋ፣ በራ፣ ወይ ፍንክች። የሚያንገበግበው ደግሞ ፋይሉ እዚያው ቁጭ ማለቱ ነው። ስሙ አለ፣ መጠኑም አለ፤ 180 ሜጋባይት ይላል። ልክ እንደ ክፉ ተበዳሪ፤ ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም።

ኮምፒውተር የሚጠግን ልጅ ተጠርቶ መጣ። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል፤ አይጥ በልቶት እንዳይመስላችሁ፣ እንዲያው ተቀዶ ነው የገዛው። "ፋዘር፣ አይዞት" አለኝ። ፋዘሩ ብሆንማ ኖሮ መጀመሪያ ሱሪውን አሰፋለት ነበር።

ሥራውን ግን ያውቃል፤ ሐቁን መናገር አለብኝ። ከሁሉ አስቀድሞ የታመመውን ፋይል ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጠ። "ዋናው አይነካም። የምናክመው ግልባጩን ነው፤ እጃችን ላይ ቢሞት ሌላ እንገለብጣለን" አለ። ቀጥሎ ከፕሮግራሙ ጋር ለመለማመጃ የሚመጣውን የውሸት ድርጅት ከፈተ። እሱ ሆዬ ወዲያው ተከፈተ! ዕድሜ ልኩን አንዲት ሚስማር ሸጦ የማያውቅ ድርጅት ሒሳቡ ፏ ብሎ ይታያል፤ በሲሚንቶ አቧራ ሳንባችን ያለቀው የኛ ተዘግቶ ቀረ። "ስለዚህ ፕሮግራሙ ጤነኛ ነው፤ በሽታው ያለው ፋይሉ ላይ ነው" አለ።

በሽታው ከየት እንደመጣም አስረዳኝ። ፕሮግራሙ አንድ ሽያጭ ሲመዘግብ አንድ ቦታ ጽፎ አያርፍም፤ የዕለቱ መዝገብ ላይ፣ የደንበኛው ሒሳብ ላይ፣ የዕቃው ቀሪ ላይ ይጽፋል። ከዚያ ደግሞ ምኑ የት እንዳለ የሚያመለክተውን ማውጫ ያስተካክላል። በመሃል መብራት ከሄደ ግማሹ ተጽፎ ግማሹ ይቀራል። በማግስቱ ማውጫው የሚያመለክተው ቦታ ላይ ሌላ ነገር ሲገኝ ፕሮግራሙ ግራ ይገባውና አልከፍትም ይላል። ገባኝ። ዴቢቱ ተጽፎ ክሬዲቱ ሳይጻፍ መብራት ጠፋ ማለት ነው። እኛም ዘንድ ይጠፋ ነበር እኮ! ሻማ ለኩሰን ክሬዲቱን እንጨርሳለን እንጂ መዝገቡን በምስማር አንመታውም።

"ትናንት መብራት ሄዶ ነበር?"

"ሐምሌ አይደል እንዴ፤ ሄዷል።"

"ዩፒኤስ የላችሁም?"

"አለን" አልኩ ኮራ ብዬ። ዩፒኤስ ማለት መብራት ሲሄድ ሥራን አስቀምጦ ለመውጣት የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ የምታበድር ባትሪ ናት። ልጁ ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ አለ። ቀና ሲል ዓይኑ እኔ ላይ ነበር።

"ፋዘር፣ ይሄ ገመድ የምንድን ነው?"

የምን ይሆናል? የቡና ምድጃዬ ነው። ብርዱ ያንገፈግፋል፣ የግድግዳው ሶኬት ሩቅ ነው፣ ጉልበቴ ደግሞ እንደምታውቁት ነው። አጠገቤ ክፍት ቀዳዳ አየሁ፣ ሰካሁ። መብራቱ ሲሄድ ሸክሙ ሁሉ ባትሪዋ ላይ ወደቀና ከአቅሟ በላይ ሆኖባት እዚያው ጸጥ አለች። ልጅቷ ይኼን ጊዜ በመስኮት ዝናብ ማየት ጀመረች። አስተዳደግ ያላት ልጅ ናት።

ወሬ ለማስቀየር የፓቾሊን ታሪክ አነሳሁላቸው። ሉካ ፓቾሊ የሚባል ጣሊያናዊ መነኩሴ በ1494 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቬኒስ ባሳተመው የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ የቬኒስ ነጋዴዎች ዴቢትና ክሬዲት እንዴት እንደሚይዙ አስፍሯል። የመጀመሪያው መዝገብ ላይ የመስቀል ምልክት ይደረግ ይላል። እኛም "በስመ አብ" ብለን ነበር የምንጀምረው። ያ መጽሐፍ ከ500 ዓመት በኋላም ይከፈታል፤ በየት በኩል? በሽፋኑ በኩል። ልጁ "ይገርማል ፋዘር" አለና ግልባጩ ላይ የፋይል ማስተካከያ ፕሮግራም ማስሮጥ ጀመረ። ምሳ ሰዓት እስኪያልፍ ሮጦ ሮጦ "አልተቻለም" አለ።

"ባካፕ የለም?"

"አለ" አለች ልጅቷ። አንዱ የሰኔ 29 ነው፤ የተቀመጠው እዚያው ኮምፒውተር ላይ ነው። መለዋወጫ ቁልፍን ከዋናው ቁልፍ ጋር በአንድ ቀለበት እንደማሰር ማለት ነው። እሱም ዲስኩ ሞልቶ ስለነበር ስሙ ብቻ ተጽፎ ሆዱ 0 ኪሎባይት ሆኖ ተገኘ። ሌላው የሚያዝያ 30 ሆኖ ፍላሽ ላይ ነው። ፍላሿ ደግሞ ፎቶኮፒ ቤት ስትንከራተት ቫይረስ ይዛ ኖሮ ማኅደሮቹ ሁሉ ባለ ቀስት ሾርትከት ሆነዋል። ልጁ አንዲት ትእዛዝ ጽፎ የተደበቀውን ገለጠው። ሚያዝያ ተገኘ። ግንቦትና ሰኔ ቀሩ።

የቀረው በወረቀት ነበር። 214 ቫውቸር። የሰኔ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሐምሌ ሳያልቅ መቅረብ አለበት፤ ስለዚህ እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ማሽኑ የኛን ቀን አያውቅም። ግንቦት 12 ስላት በሆዷ 8 ደምራ ሜይ 20 ትላለች፤ ሰኔ ሲገባ የምትደምረው 7 ነው። ጳጉሜንማ ጨርሶ ሰምቷት አያውቅም፤ ነሐሴ ሆድ ውስጥ ከትተናት ነው የምንኖረው።

በአራተኛው ቀን ጨርሰን ከባንኩ መግለጫ ጋር ስናስታርቅ የኛ ቀሪ በ1,800 ብር አነሰ። ተነሥቼ ቆምኩ። "በ9 ይካፈላል!" አልኩ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አኃዞች ቦታ ሲለዋወጡ ልዩነቱ ምንጊዜም በ9 ይካፈላል፤ ይህን ያለ ኮምፒውተር፣ ያለ መብራት አውቀዋለሁ። "ስትጽፊ አገላብጠሻል፤ ፈልጊ!" ፈለገች። 4,620 ብር የወጣበት ቼክ 6,420 ተብሎ ገብቷል። ደረቴን ነፋሁ።

"ጋሼ…" አለች ቀስ ብላ፣ "ሲያነቡልኝ ስድስት ሺህ አራት መቶ ሃያ ነበር ያሉት።"

መነጽሬ ግንባሬ ላይ ነበር። እሷም ወደ መስኮቱ ዞረች።

አሁን ባካፕ በየማታው ይወሰዳል። ከቢሮ ውጪ ማደር አለበት ብሎ ልጁ ስለወሰነ አዲሷን ፍላሽ ይዤ የምገባው እኔ ነኝ፤ ምድጃውም ከኔ ጋር ወደ ቤት ተሰዷል። ትናንት ማታ ባለቤቴ ኮቴን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ አገኘቻት።

"ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?"

"ግንቦትና ሰኔ ናቸው፤ ውኃ እንዳታስነኪያቸው" አልኳት።

በእጇ ጀርባ ግንባሬን ዳበሰችኝ።