ለደጅ ጠኚውም ቆጣሪ ይግባለት

ባለወፍጮው ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው ዱቄት ለብሶ እትዬ ቡና ቤት ገባ። ጉንደ ወይን ውስጥ እንዲህ ሆኖ የገባ ሰው ሳይተረብ አይቀመጥም።

«ምነው፣ ጥምቀት ደረሰ እንዴ?» አሉ የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው።

«ጥምቀትስ በዓመት አንዴ ነው የኔታ። በየሩብ ዓመቱ የሚመጣ ታሪፍ ነው።»

እውነቱን ነው። ከመስከረም 2017 ጀምሮ የመብራት ታሪፍ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል። ከሱ በፊት የነበረው ጭማሪ የጀመረው በታኅሣሥ 2011 ነው፤ ያኔ ደግሞ ዋጋው ከአሥር ዓመት በላይ ሳይነካ ቆይቶ ነበር። ስለዚህ ለምን ጨመረ ብዬ አልጮህም። ሽቦም፣ ትራንስፎርመርም፣ ምሰሶም በምርቃት አይገዛም። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ማን፣ ለማን፣ የት ቁጭ ብሎ፣ ምን ብሎት ጨመረ?

ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት የመጣው ልጅ ጉሮሮውን ጠረገ። «እሱ ሎቢ ይባላል። ባለድርሻ አካላት በፖሊሲ ሂደት ላይ የሚያደርጉት የማግባባት ሥራ ነው።»

«አማርኛ አለቀብህ? ደጅ ጥናት በላ!»

«ይለያል የኔታ። ቃሉ የመጣው ከምክር ቤት መተላለፊያ ነው። የምክር ቤት አባል ሲወጣና ሲገባ እዚያ ጠብቀው የሚያነጋግሩት ማለት ነው።»

«በምን ተለየ? የድሮው ደጅ ጠኚ ፀሐይ ላይ ይቆም ነበር፣ የዛሬው ጥላ አግኝቷል። በል ንገረኝ፣ እዚህ አገር ታሪፍ ይጨመር ብሎ የሚጠይቅ ማን ነው?»

«የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት።»

«የማን ነው?»

«የመንግሥት።»

«ጥያቄውን የሚመረምረውስ?»

«በኢነርጂ አዋጁ በ810/2006 መሠረት የኢነርጂ ባለሥልጣኑ ነው። እሱም የመንግሥት።»

«የሚያጸድቀውስ?»

«የሚኒስትሮች ምክር ቤት።»

«ከፋዩስ?»

ባለወፍጮው ሲኒውን አስቀመጠ። «እሱ ብቻ ነው የግል።»

እትዬ ሳቃቸው ጀበናውን ሊያስደፋቸው ነበር። እኔ ግን ለኩባንያዎቹም ጠበቃ ልቁም አልኩ፤ ሁሉም አንድ ወገን ከያዘ ተረብ አይደምቅም። ኃይል አምራች መንግሥትን ማነጋገሩ ኃጢአት አይደለም። ሳይጠየቅ የተጻፈ ሕግ ምጣድ አይቶ በማያውቅ ሰው እንደተጋገረ እንጀራ ነው፣ ዓይን አያወጣም። የእንፋሎቱን ነገር ተመልከቱ። ኮርቤቲና ቱሉ ሞዬ ላይ ከምድር ስር እንፋሎት አውጥተን ኃይል እናመንጭ ያሉ ባለሀብቶች መጡ። ለዚያ የሚሆን የጂኦተርማል አዋጅ፣ 981/2008፣ ወጣ። በታኅሣሥ 2010 ደግሞ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ጋር የ25 ዓመት የኃይል ሽያጭ ውል ተፈረመ። ብዙ ዶላር ጉድጓድ ውስጥ የሚጨምር ሰው «ነገ በብር የሸጥኩትን በምን አወጣዋለሁ?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ነውር አለው?

«ይጠይቃ!» አሉ የኔታ። «ማን ከለከለው? የጠየቀውን ግን እኔም ልስማ።»

«እርስዎ ሰምተው ምን ያደርጋሉ?»

«ሽቦውን በአናቴ ላይ ሲዘረጋ አያፍርም። ነገሩን ምነው ከመሬት በታች ቀበረው?»

እዚህ ላይ ተሸነፍኩ። ልጁ ሊያግዘኝ መስሎት ስለ ዓባይ አነሳ። ዓባይ የወረዳችንን ጫፍ ታክኮ ነው የሚያልፈው፤ ጉባ ደርሶ 5,150 ሜጋዋት እንዲሆን ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ግድቡ ተመርቋል። በእኛ በኩል ሲያልፍ ግን ዛሬም አይከፍልም፣ አያስከፍልም። ልጁ እንዳለው፣ በግድቡ ክርክር ጊዜ ግብፅ ዋሽንግተን ላይ ብራውንስቲን ሃያት የተባለ ድርጅት በወር 65 ሺህ ዶላር ቀጥራ ታስወተውት ነበር። የእኛም ሰዎች ዝም አላሉም፤ ቬነብል የተባለውን በወር 35 ሺህ ዶላር ቀጠሩ።

«በወር?» አሉ የኔታ። «እመብርሃን እንኳ በነፃ ታማልዳለች!»

«አስቡት ግን» አለ ልጁ፣ «ይህን ሁሉ እንዴት ልናውቅ ቻልን? በአሜሪካ እንደ ፈረንጆቹ በ1938 የወጣ ሕግ አለ። ለውጭ መንግሥት የሚሟገት ሁሉ ውሉን ያስመዘግባል፣ ክፍያውን ያሳውቃል፣ መዝገቡም ለማንም ክፍት ነው።»

ባለወፍጮው ብድግ አለ፤ ዱቄቱ በነነ። «ቆጣሪ አለው በለኛ! እኔ አንድ አምፖል ያለ ቆጣሪ ባበራ ሌባ ነኝ። ቤቴ ይፈተሻል፣ እቀጣለሁ። አንድ ኩባንያ ከሹም ጋር ሦስት ሰዓት ሙሉ ያለ ቆጣሪ ቢያወራ ግን ባለድርሻ አካል!»

ዓመት ሙሉ ስለዚህ ነገር ከሰማሁት ሁሉ ይቺን የሚያክል የለም። ለደጅ ጥናት ቆጣሪ። ማን ገባ፣ ማንን አገኘ፣ ምን ጠየቀ፣ ስንት አወጣ፤ በወር በወሩ ይነበብ።

እርግጥ ቆጣሪ ባለበትም ከቆጣሪው በፊት የሚጠልፍ አይጠፋም። ኦሃዮ በምትባለው የአሜሪካ ግዛት ፈርስትኢነርጂ የተባለ የመብራት ኩባንያ ነበረ፣ አሁንም አለ። የእኛ ታሪፍ በተነካበት በዚያው ዓመት፣ በ2011 ክረምት፣ እዚያ አንድ ሕግ ጸደቀ። ሕጉ ሁለት የኒውክሌር ማመንጫዎችን ለመደጎም ከቢሊዮን ዶላር በላይ ከደንበኛው ቢል ላይ እንዲሰበሰብ የሚያደርግ ነበር። ኋላ ሲጣራ፣ የግዛቲቱ አፈ ጉባኤ ላሪ ሃውስሆልደር በሚያዝዘው ማኅበር በኩል የኩባንያው 60 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈሶ ነበር ለካ።

«አፈ ጉባኤ?» አሉ የኔታ። «የጉባኤው አፍ ማለት እኮ ነው። አፉ ከጎረሰ ጉባኤው በምን ይናገራል?»

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ብሎ ነዋ!» አለ ባለወፍጮው።

«እሱስ የበላውም ቆጨው» አለ ልጁ። «በሰኔ 2015 ሃያ ዓመት ተፈረደበት። ኩባንያውም 230 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ።»

«ደንበኛው ቤትስ የሚመጣ ቢል?» አሉ እትዬ። ሴትዮዋ ቁም ነገር አይስቱም።

ልጁ ደግሞ ጥሩም ምሳሌ አለ ብሎ ሼልን አመጣ። ኩባንያው እንደ ፈረንጆቹ በ2019 አባል የሆነባቸውን 19 የነጋዴ ማኅበራት ፈትሾ፣ በአየር ንብረት ላይ አቋማችን አልገጠመም ብሎ ካንዱ እወጣለሁ አለ። ራሱ በአደባባይ «አረንጓዴ ነኝ» እያለ ማኅበሩ በጓሮ «ጥቁር ነው» እንዳይልበት መሆኑ ነው።

«ካሥራ ዘጠኝ አንድ?» የኔታ በጣታቸው ቆጠሩ። «ይቺማ ለአሥራትም አልሞላች!»

ከሳቁ በኋላ የኔታ ለትንሽ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ስለ 1960 አወሩ። ያኔ ጎረምሳ ነበሩ። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ መጣ ተባለ፤ የሞጣና የቢቸና ገበሬ የሰማው ከታወጀ በኋላ ነው። ሽማግሌ ላከ፣ አቤት አለ። አልሰሙትም። መሬት ለኪ አላስገባም ብሎ አመፀ፣ ጦር መጣበት። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከጎጃም ተነሡ።

«አንድ ቀን ቀድመው ቢጠይቁን ኖሮ» አሉ የኔታ፣ «ስንቱ ሰው በአልጋው ላይ ይሞት ነበር።»

ማንም አልተረባቸውም። እትዬ ሁለተኛውን ቀዱ።

ለነገሩ ኩባንያው እንዴት ሆኖ ደጅ ይጥና ስንል ሁላችንም ተቀባበልነው። ለሚኒስትሩ የሚነግረውን ለእትዬም ይንገር አለ ባለወፍጮው። ስጦታ ይዞ አይሂድ፣ እጅ መንሻ ለንጉሥ ነበር፣ ንጉሡም የሉ፣ አሉ የኔታ። ትናንት የመረመረውን ሹም ዛሬ አማካሪ አድርጎ አይቅጠር አልኩ እኔ። እትዬ ግን ከሁላችንም የባሰ አመጡ፦ «እሱስ ደጅ ጠኚ አለው። ለኔ ምጣድ ደጅ የሚጠና ማን ነው?»

መልስ አልነበረንም። እሳቸውም መልስ ሳይጠብቁ ከሰሉን አራገቡ።

ስለዚህ ለሚመለከታችሁ ሁሉ፦ የሚቀጥለው የታሪፍ ጥያቄ ከመጽደቁ ከወር በፊት፣ ጠያቂው ያቀረበው ምክንያትና ስሌት በአማርኛ ተጽፎ ጉንደ ወይን ላይ ይለጠፍልን። ማንበብ ለማይችል የኔታ ያነቡለታል። ስሌቱን ባለወፍጮው ይመረምራል፣ በኪሎ ሲያስብ የኖረ ሰው ነው። ሊያስረዳ የሚመጣ ባለሙያ ካለ ደግሞ ቡናው በእትዬ ነው፤ ሦስተኛውን ሳይጠጣ ግን አንለቀውም።