ሲስተሙ አለ፤ ሰዓቱ ነው የሌለው

መስኮት ሥር ተሰልፎ «ሲስተም የለም» ተብሎ የማያውቅ የከተማ ሰው ካለ ይምጣና እንትፍ እንትፍ ይበልብን። እኔ የምለው፣ ሲስተሙ ብዙ ጊዜ ቁጭ ብሏል፤ የተጣሉት ሰዓቶቹ ናቸው። ሁለት መሥሪያ ቤቶች (ስማቸው ይቅር) ሥራቸውን አጣመሩ፤ ዶሜይኖቻቸውንም በትረስት አስተሳሰሩ። በማግስቱ የአንደኛው ሠራተኛ የሌላኛውን ፋይል መክፈት አቃተው። ስልክ ተደወለ፤ ከወዲህ ጎልማሳ የአይቲ ኃላፊ፣ ከወዲያ ወጣት የኔትወርክ ባለሙያ።

«አንቺ ልጅ፣ ሰዎቻችንን ለምን ታባርሪብኛለሽ? ፓስወርድ ሦስት ጊዜ አስቀየርናቸው እኮ!»

«ጋሼ፣ ሰዎቹንም ቢቀይሯቸው አይገቡም። በስትሪፕቻርት ለክቼዋለሁ፤ ሰዓታችሁ ሰባት ደቂቃ ወደኋላ ቀርቷል።»

«እኛ አልቀረንም፤ እናንተ ናችሁ ደመወዝ ሳይገባ ወር የምትጨርሱት!»

«ይሁንልዎ። በእናንተ ሰዓትማ ቢሆን እርስዎ ጡረታ የሚወጡበት ቀን አይደርስም ነበር።»

ሰባት ደቂቃ ለሐበሻ ቀጠሮ ምኗ ናት? ሰላምታው እንኳ አያልቅባትም። በሩ ላይ የቆመው ግን ከርቤሮስ ነው፤ ዊንዶውስ ከ2000 እትሙ ጀምሮ የዶሜይን መታወቂያ ፍተሻውን ያስረከበው ለእሱ ነው። ስሙ ከግሪኮቹ ባለ ሦስት ራስ ውሻ የተወሰደ ነውና ትዕግሥት አይጠበቅበትም። ልዩነቱ ከ5 ደቂቃ ካለፈ አያስገባም፤ ያውም 5 ደቂቃዋ በልማድ የተተወችለት ናት። ነገሩ ክፋት አይደለም። ሌባ የሰው መግቢያ ከመስመር ላይ ቀድቶ ቆይቶ እንዳይመጣበት፣ እያንዳንዱ ጥያቄ የተጻፈበት ሰዓት ይታተምበታል፤ የቆየ ማኅተም ይዞ የመጣ ሁሉ እንደ ሌባ ይታያል። የጋሼ ሠራተኞችም የታዩት እንደዚያ ነው።

«ሰዓታችን ከተበላሸ ታዲያ እዚህ ሕንፃ ውስጥ ሁሉም ነገር እንዴት ይሠራል?»

«አለቃ ሲሳሳት አብሮ መሳሳት ስለምታውቁበት ነዋ!»

ልጅቷ ክፉ አፍ ይኑራት እንጂ ነገሩን አግኝታዋለች። በአንድ ዶሜይን ውስጥ ተራው ኮምፒውተር ሰዓቱን ከዶሜይን ኮንትሮለር ይቀበላል፤ ኮንትሮለሮቹ ደግሞ ፒዲሲ ኢሙሌተር ከሚባለው አለቃቸው። አለቃው ከውጭ ማንንም ካልጠየቀ ሁሉም በፍቅር አብሮ ይሳሳታል። ከርቤሮስም ያሳልፋቸዋል፤ የሚፈትሸው መስማማታቸውን እንጂ እውነታቸውን አይደለም። ጉዱ የሚወጣው ጎረቤት ሲመጣ ነው። በአንድ ፎረስት (በአንድ የዶሜይን ቤተሰብ) ሥር ያሉ ዶሜይኖች የሰዓት ሰንሰለታቸው ወደ ላይ ወጥቶ ሥር ዶሜይኑ ጋ ይገናኛል። እንደ ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች የተለያዩ ፎረስቶች በትረስት ሲተሳሰሩ ግን እንዲህ ያለ ሰንሰለት በራሱ አይዘረጋም፤ መተማመኑ የጋራ፣ ሰዓቱ የየግል።

«እስቲ የዊንዶውስን የሰዓት ትእዛዝ፣ ደብሊው 32 ቲኤምን፣ ሶርስህ ማነው ብለው ይጠይቁት።»

«ጠየቅኩት። ፒዲሲያችን ቨርቹዋል ማሽን ስለሆነ ከሆስቱ ነው የሚወስደው።»

«ሆስቱስ ከማን ይወስዳል?»

«ሆስቱማ የዶሜይኑ አባል ነው፤ ከፒዲሲው።»

«ጋሼ፣ ይሄ ሰዓት አይደለም፤ ሁለት ሰው ብቻ የገባበት ዕቁብ ነው!»

«ዕቁቡስ ቢሆን ማን ጣለው መጀመሪያ?»

«መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሆስቱ ባትሪ ያስታወሰውን ነዋ የጣለው። ሳንቲም የምታክል ባትሪ አምናችሁ ሁለት መቶ ሠራተኛ ታሰልፋላችሁ!»

ከዚህ የባሰ የእኛው የብቻችን ጉድ አለ። ጠዋት ኮምፒውተሩ ላይ 7 ሰዓት ሲያይ የሚደነግጥ፣ የአድሚን መብት በስህተት የተሰጠው ሠራተኛ አይጠፋም፤ ይነሳና 1 ሰዓት ያደርገዋል። ለዓይኑ አማረለት፤ ለከርቤሮስ ግን የስድስት ሰዓት ልዩነት ሆነ። ኮምፒውተሩ በሆዱ የሚቆጥረው ዓለም አቀፉን ሰዓት ነው፤ ታይም ዞን ማሳያ ብቻ ነው። ዞኑን ቢቀይሩት ማንም አይቆጣም፤ ሰዓቱን ሲያዞሩት ነው ውሻው የሚጮኸው። እንዲህ ያለውን ሠራተኛ «ዞኑን ናይሮቢ በለው፣ ዊንዶውስ ላይ የእኛም እሱ ነው» ብትሉት፣ «ኬንያ መቼ ሄድኩ?» ብሎ ያፈጥባችኋል።

ጋሼ ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም።

«በቃ ከውጭ ውሰዱ ልትዪኝ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኅዳር 19 ቀን 2012 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ኦብዘርቫቶሪ ያደረገውን ረሳሽው? ቲክ እና ቶክ የሚባሉ ሁለት የሰዓት ሰርቨሮቹ ድንገት ዘመኑ 2000 ነው ብለው አረፉት። ያመናቸው ስንቱ ዶሜይን አሥራ ሁለት ዓመት ወደኋላ ተንሸራተተ። እኔን በሰባት ደቂቃ ትሰድቢኛለሽ!»

እዚህ ላይ ለጋሼ አጨብጭቤያለሁ። ታሪኩ እውነት ነው፤ ስንቱን የመሥሪያ ቤት በር ዘግቷል።

«እሱኮ ነው ጋሼ ከአንድ ሰው ብቻ አይጠየቅም የሚባለው። አራት ምንጭ ይስጡት፤ አንዱ ቢዋሽ ሦስቱ ያጋልጡታል። ከ48 ሰዓት በላይ ና ዝለል የሚለውን ደግሞ እንዳይሰማ ልጓም ያስገቡለት፤ አዲሶቹ ኮንትሮለሮች ከፋብሪካ ይዘውት ይመጣሉ። የፒዲሲውን የሆስት ሰዓት መቀበያ ይዝጉት። ፋየርዎሉ ላይ ዩዲፒ 123ን ይክፈቱልን።»

«123 የተዘጋው ለደኅንነት ነው።»

«ሌባው በየትኛው ሰዓት እንደገባ ሎጋችሁ ሳያውቅ ምን ዓይነት ደኅንነት ነው?»

ጋሼ ዝም አሉ፤ የኪቦርድ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ዴቪድ ሚልስ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1985 በዚሁ ፖርት የሚያልፈውን የሰዓት ማመሳሰያ፣ ኤንቲፒን፣ ለዓለም ሲያቀርብ እንዲህ ያለ ሙግት ያስፈልጋል ብሎ ያሰበ አይመስለኝም። ቢያስብ ኖሮ ለአለቆች የሚሆን ፖርት ለብቻ ይመድብ ነበር።

«ከፈትኩት። ግን ልንገርሽ፣ ከእናንተ ሰርቨር ሰዓት አልወስድም!»

«ከእኛ አይውሰዱ። እኛም እናንተም ከእነዚያው ከአራቱ እንውሰድ።»

«አራቱም አብረው ቢሳሳቱስ?»

«ያኔማ እኛም አብረን እንሳሳታለን፤ ፋይሉ ይከፈታል።»