ጠላን በጀሪካን ማበላሸት

ጠላ ጠመቃ የሚያስተምር ሞልቷል። እናት ታስተምራለች፣ አክስት ታስተምራለች፣ ጎረቤት በአጥር ብቅ ብላ ጌሾው በዛ፣ አነሰ ትላለች። ጠላ አቀዳድን ግን እንደ ሙያ የሚቆጥረው የለም። አቃቂ ተወልጄ ሳድግ ያየሁት ደግሞ ይህን ነው፤ ጋን ውስጥ እያለ የሚበላሽ ጠላ ጥቂት ነው። አብዛኛው የሚበላሸው ከጋኑ ወጥቶ ጣሳ እስኪገባ ባለው መንገድ ላይ ነው። ብቅል የበቀለበት፣ አሻሮ የተቆላበት፣ ጌሾ የተወቀጠበት፣ ቂጣ የተጋገረበት የሁለት ሳምንት ድካም በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጠፋል። ይህ ያንገበግበኛል። ስለዚህ የማበላሻውን መንገድ እንዳየሁት እጽፈዋለሁ፤ አንባቢ ግልብጥ አድርጎ ይፈጽመው።

በድሮው ቤት ጋኑ ጓዳ ተቀምጦ እንግዳ ወደ ጋኑ ይመጣ ነበር። ዛሬ እናት አቃቂ በሰቃ በጭቃ ቤቷ ትጠምቃለች፣ ልጅ ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። ጋን ደረጃ አይወጣም፤ በባጃጅም አይጫንም። የማኅበሩ፣ የክርስትናው፣ የዝክሩ ጠላ ሁሉ በጀሪካን ይጓዛል። ጀሪካንን አልነቅፍም፤ ዘመኑ ያመጣው ነው፣ ቀላልም ነው። ነገር ግን ጋን አይደለም፤ የራሱ ጠባይ አለው።

ጠላውን ከመጀመሪያው ማበላሸት የሚፈልግ ሰው ጀሪካኑን ከቆራሌ ይግዛ፤ ምን ተይዞበት እንደነበረም አይጠይቅ። አካባቢያችን የፋብሪካ ሰፈር ነው። ጨርቃ ጨርቁ፣ ብረታ ብረቱ፣ ቀለሙ፣ ሳሙናው ሁሉ በፈሳሽ ኬሚካል ይሠራል፤ ባዶ ጀሪካን ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ታሪኩን ይዞ አይዞርም። ፕላስቲክ የያዘውን ነገር ወደ ውስጡ ይመጥጣል። አሥር ጊዜ ታጥቦ ሽታው የጠፋ መስሎ፣ ጠላው ገብቶበት ሲያድር መልሶ ይተፋዋል፤ አልኮል ደግሞ ውሃ ያላወጣውን ያወጣል። ይህ የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሰው ጤና ነው። የምግብ ዘይት የነበረበት ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ቅባቱ በደንብ ካልወጣ ጠላው አረፋ አይዝም፣ ውሎ ሲያድርም የሻገተ ዘይት ይሸታል። መፈተኛው ቀላል ነው። ሞቅ ያለ ውሃ ሞልቶ፣ ከድኖ፣ አሳድሮ ጠዋት ማሽተት። ምንም ነገር ከሸተተ ለጠላ አይሆንም።

ቀጥሎ እጥበት ነው። በዚህ በኩል ማበላሸት የሚሻ አሸዋና ጠጠር ከሳሙና ዱቄት ጋር ጨምሮ በኃይል ያንቀጭቅጭ። አሸዋው የፕላስቲኩን ሆድ ይቧጭረዋል፤ በእያንዳንዱ ጭረት ውስጥ ውሃ የማይደርስባቸው ተሐዋስያን ይሰፍራሉ። የሳሙናው ሽቶም ለወር አይለቅም። እናቶቻችን ጋንን በግራዋ ቅጠል አጥበው፣ ደጋግመው አለቅልቀው በወይራ ያጥኑታል። ግራዋው ያጸዳል፤ ጭሱ በሸክላው ቀዳዳዎች ገብቶ ጣዕም ይሰጣል፣ ጠላውን የሚያሆመጥጡትንም ተሐዋስያን ያዳክማል። ጌሾም ከምሬቱ ባሻገር ይህንኑ ሥራ ያግዛል። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር የቢራ መበላሸት ከጥቃቅን ተሐዋስያን እንደሚመጣ የሚያስረዳውን መጽሐፉን ያሳተመው በ1876 እ.ኤ.አ. ነው። አዲስ አበባ በስሙ የሚጠራ ሰፈር አላት። ግራዋ ለቅማ ጋን የምታጥብ እናት ግን የፓስተርን ስም ሳትሰማ ሥራውን ትሠራው ነበር፤ ይህ ዕውቀት ሊከበር ይገባል እላለሁ።

ጀሪካን ፍም ላይ አይደፋም፤ ይቀልጣል። ስለዚህ ጭሱ ለጋኑ ይሁን፤ ጀሪካኑ ግን ይጽዳ። የግራዋ ውሃ ሞልቶ ማሳደር፣ እጅ በሚችለው ሙቅ ውሃ ደጋግሞ ማለቅለቅ፣ ከዚያ አፉን ዘቅዝቆ ማድረቅ ይበቃል። እርጥቡን ከድኖ ጥግ ማስቀመጥ ሻጋታ ማርባት ነው። ክዳኑን ደግሞ ሁሉም ይረሳዋል። ያ ጥርሱ ውስጥ የደረቀ የአምናው አተላ የዘንድሮውን ጠላ ጠንስሶ ይጠብቃል።

አሁን ወደ ጭነቱ እንምጣ፤ ትልቁ ጥፋት እዚህ ነው። ጠላውን ገና እየፈላ ከድፍድፉ ላይ ይቅዳው፤ ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን እስከ አፉ ይሙላው፤ ክዳኑን በጥርሱም በእጁም ያጥብቀው፤ በቀትር ፀሐይ ባጃጅ ላይ ይጫነው። ከዚያ በኮብልስቶኑ ላይ ይጓዝ።

ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። የቤታችን የማኅበር ተራ ነበር። ጀሪካኑ መንገድ ላይ ሆዱ ተነፋ፤ እንደ ከበሮ ተወጠረ። የያዘው ልጅ ፈርቶ ክዳኑን ላላ ሲያደርገው ጠላው ጣሪያ ድረስ ፈነዳ። የአክስቴ ነጭ ቀሚስ፣ የባጃጁ ወንበር፣ የልጁ ፊት ሁሉ ጌሾ ሆነ። ከሀያው ሊትር ቤት የደረሰው ግማሹ ነው፤ እሱም ድፍርስ። እናቴ አልተቆጣችም። ቀሚሱን ተቀብላ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፈች፤ ጀሪካኑን አየችና ወደ ጓዳ ገባች። ከቁጣ ይልቅ ያ ዝምታ ነው እስካሁን የሚከብደኝ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጠላ ሕያው ነው። እርሾው ስኳሩን እየበላ ሁለት ነገር ይሰጣል፤ አልኮልና ጋዝ። ጋን ሲሆን ጋዙ በአፉ ምርግ ስንጥቅ ቀስ እያለ ይወጣል። የተጠበቀ ጀሪካን ግን መውጫ የለውም። ሙቀት ሲጨመር ደግሞ ፈሳሹ ጋዙን መያዝ ያቅተዋል፤ ውሃ በ20 ዲግሪ የሚይዘው በ0 ዲግሪ ከሚይዘው ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው። አቃቂ ከእንጦጦ ብዙ ዝቅ ያለች ናትና ቀትሯ ይሞቃል። በዚያ ላይ መንገዱ ይንጠዋል።

እዚሁ ክፍለ ከተማችን ውስጥ ቂሊንጦ ላይ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀ የቢራ ፋብሪካ አለ። ከፋብሪካ የሚወጣው የድራፍት በርሜል ግፊት እንዲችል ተደርጎ ከብረት የተሠራ ነው፤ ቫልቭ አለው፤ ቢራውም ተጣርቶ እርሾው ወጥቶለታል። ጃምቦ የሚቀዳው አስተናጋጅ የሚታገለው ነገር የለም። እኛ ያልተጣራና ገና የሚሠራ መጠጥ በዘይት ዕቃ ይዘን የድራፍትን ጠባይ መጠበቃችን ነው ስህተቱ። ስለዚህ ጠላው እስኪበርድና አረፋው እስኪተኛ ይጠበቅ። ከአፉ በታች ጥቂት ክፍት ይተው። ክዳኑ ይገጠም እንጂ አይጥበቅ፤ መንገድ ላይም እያረፉ ማስተንፈስ ነው። ጉዞው በማለዳ ይሁን፤ ጀሪካኑ እርጥብ ጆንያ ይልበስ። እርጥቡ ጆንያ ሲደርቅ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል።

ከደረሰ በኋላም ማበላሸት ይቻላል። እንግዳ በር ላይ ሳለ ጀሪካኑን ከባጃጅ አውርዶ ወዲያው መቅዳት ነው። ከ20 ኪሎ በላይ የሆነውን ነገር ታቅፎ፣ አዘንብሎ፣ ጣሳው ላይ ሲደፋው ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ያ ድምፅ አየር ወደ ውስጥ እየገባ፣ ታች የተኛው አተላ እየተነሣ መሆኑን ይናገራል። የመጀመሪያው እንግዳ አረፋ ይጠጣል፤ የመጨረሻው ደግሞ አተላ ያኝካል። ጉሽ የሚወድ አለ፤ አውቃለሁ። እሱ ወዶ ይጠጣው እንጂ ተገዶ አይሁን።

ማረፍ ያስፈልገዋል። ከተቻለ አንድ ሌሊት፣ ቢያንስ ግማሽ ቀን፣ ከሚቀዳበት ጠረጴዛ ላይ ሳይነካ ይቀመጥ። ካረፈ በኋላ ማንም ከቦታው አያንቀሳቅሰው። ብዙ ሰው አሁን ባልዲ ላይ ቧንቧ እንደሚገጥመው ጀሪካን ላይም መግጠም ጀምሯል፤ መልካም ብልሃት ነው። ነገር ግን ቧንቧውን ሥሩ ላይ የሚገጥም ሰው አተላ ለመቅዳት የገጠመ ነው። ከታች አራት ጣት ከፍ ይበል፤ አተላው ከሱ በታች ይተኛል። ቧንቧው ሲከፈት ክዳኑ ላላ ይበል፤ አለዚያ አየር አጥቶ ይንጠባጠባል፣ ቀጂውም ትዕግሥት አጥቶ ያነቃንቀዋል። ጣሳው ጋደል ብሎ ጠላው በጎኑ ይውረድ። ቧንቧው በየጊዜው ይፈታ፣ ውስጡ ይታጠብ።

የተረፈውስ? ግማሽ የሆነውን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለነገ ብሎ ማሳደር የታወቀ ማበላሻ ነው። ግማሹ አየር ነው። አየር ያገኘ ጠላ ኮምጣጤ ለመሆን ይቸኩላል፤ ማታ የተመሰገነው ጠዋት ፊት ያጨማድዳል። አንድ ትልቅ ጀሪካን ከመያዝ አራት ባለ 5 ሊትር መያዝ የሚሻለው ለዚህ ነው። አንዱ እስኪያልቅ ሌሎቹ ሳይከፈቱ ይጠብቃሉ። ለአራተኛ ፎቅ ደረጃም ለጀርባም ይቀላል፤ አንዱ ቢበላሽ ሦስቱ ይተርፋሉ። ከዚህ ሁሉ ምክር አንድ ብቻ የሚይዝ ሰው ካለ ይህንን ይያዝልኝ።

ከጣሳ የተረፈን መልሶ ጀሪካን ውስጥ መጨመር ከማበላሸትም ያልፋል፤ የሰው አፍ የነካው ነገር ነው። ጠላው ሲያንስ ውሃ መጨመርም እንደዚያው። ቅራሪ የራሱ ክብር ያለው መጠጥ ነው፤ ድፍድፉ ላይ ዳግመኛ ውሃ ተጨምሮ፣ አድሮ፣ ቀጠን ብሎ ይወጣል፣ ልጅም ሽማግሌም ይጠጣዋል። እንግዳ ደጅ ሲሞላ ከሮቶ ተቀድቶ የሚጨመር ጥሬ ውሃ ግን ጠላም ቅራሪም አይደለም። ለከተማው ውሃ የሚያጠጡ የአቃቂ ጉድጓዶች አጠገብ እየኖርን ቧንቧችን በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሮቶ ውስጥ ስንት ቀን እንደቆየ የሚያውቅ የለም። ጠላው ካነሰ ማነሱን መናገር ነውር የለውም። ሻይ ይፈላል።

ባለፈው ተራችን አራቱን ትንንሽ ጀሪካኖች አምና ነጩን ቀሚስ ያቆሸሸው ያ ልጅ ራሱ በማለዳ ተሸክሞ መጣ። ክዳኖቹን ላላ አድርጎ፣ እርጥብ ጆንያ አልብሶ፣ በእግሩ። ባጃጅ ቢጠራለትም እምቢ አለ። እናቴ የመጀመሪያውን ስትከፍት እስ የሚል ቀጭን ድምፅ ብቻ ተሰማ። እንደ ልማዱ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀመሰች፤ ጣሳውን ለልጁ ዘረጋችና «እንካ፣ አንተ ጀምረው» አለችው።