ኳስ በሮቶ ውስጥ፦ በዘመመ ፍሎተር አጠጋገን ላይ የቀረበ ጥናት

በአዲስ አበባ ጣሪያዎች ላይ ከሚኖሩት መካከል ርግብ በበቂ ሁኔታ ተጠንታለች፤ ስለ ዲሽም ብዙ ተብሏል። ሮቶ ግን የሚገባውን የምርምር ትኩረት አላገኘም፤ በሆዱ ውስጥ ሌት ተቀን የምትሠራው ኳስማ ጨርሶ ተረስታለች። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት የተሰናዳ ነው። ሞልቶም በጊዜው ያቆማል ተብሎ ይጠበቃል፤ ይህም ከተጠኚዋ የተሻለ ያደርገዋል።

ለጀማሪዎች ያህል፣ ፍሎተር ማለት አንድ የቧንቧ አፍ፣ አንድ ዘንግና አንዲት ኳስ ነው። ውሃ ሲሞላ ኳሷ ከፍ ትላለች፤ ኳሷ ከፍ ስትል ዘንጉ ይነሳል፤ ዘንጉ ሲነሳ ሥሩ ያለችውን ጎሚኒ ገፍቶ የቧንቧውን አፍ ይደፍናል። ውሃ ሲጎድል ሁሉም እንደየማዕረጉ ይወርዳል። መብራት አይጠይቅም፣ ዘበኛ አይቀጠርለትም፣ ካርድ አይሞላለትም። ሐሳቡም ጥንታዊ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ የኖረው ክቴሲቢዮስ የውሃ ሰዓቱን ልክ ያስጠበቀው በተንሳፋፊ ነበር። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድ ውስጥ የሙሳ ልጆች የሚባሉት ሦስት ወንድማማቾች በዚሁ ጥበብ ራሳቸውን የሚሞሉ ዕቃዎችን በመጽሐፋቸው ገለጹ። እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ ደግሞ ሩሲያዊው ኢቫን ፖልዙኖቭ የእንፋሎት ሞተሩን የውሃ መጠን በተንሳፋፊ ተቆጣጠረ። ከዚያ ዕውቀቱ ሲወርድ ሲዋረድ እኛ ሰፈር ደረሰና ኳሷ ግድግዳ ነክታ ቆመች።

የጥናቱ ዋና ናሙና የሚገኘው በተከራየሁበት ግቢ፣ ከሰርቪስ ቤቱ በላይ በተበየደ የብረት ቆጥ ላይ ነው። 2,000 ሊትር የሚይዝ ጥቁር ሮቶ ነው፤ ሲሞላ ውሃው ብቻውን 20 ኩንታል ስለሚመዝን ከሥሩ የሚተኛ ተከራይ ጸሎት ያበዛል። ሮቶው ራሱ ከደሙ ንጹሕ ነው። ጥፋቱ የተፈጸመው በተከላው ዕለት፣ ከታች የመጣው ቧንቧ አንድ ስንዝር አጥሮ በተገኘ ጊዜ ነው። በዓለም ዙሪያ ለእንዲህ ያለው ችግር የታወቀው መፍትሔ አንድ ስንዝር ቧንቧ መጨመር ነው። የእኛ ሠራተኛ ግን ቧንቧውን ወደ ፍሎተሩ ከማምጣት ፍሎተሩን ወደ ቧንቧው ጎትቶ አሰረው። የሮቶው ግድግዳ ፕላስቲክ ስለሆነ እሺ ብሎ ተጎተተ፤ ዘንጉም ወደ መሀል ማየቱን ትቶ የግድግዳውን ጥግ ጥጉን ይዞ ቀረ። ሠራተኛው ሲወርድ «ለጊዜው ነው» አለ። አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ወደ አፄ ምኒልክ ግቢ ውሃ በቧንቧ ካስገባ ወዲህ የዚህ ከተማ ሰው ቧንቧ የሚያውቅን ሰው ደፍሮ ስለማይከራከር፣ ሒሳቡ ተከፈለ።

በጠማማ ተከላ የሚመጡ ደዌያት ብዙ ቢሆኑም ሦስቱ ለምደባ ይመቻሉ።

የመጀመሪያው ዘማሚ ነው። ኳሷ ግድግዳ ትደገፍና ትረሳለች፤ ውሃው አልፏት ይሄዳል። ሁለተኛው ቁጥቡ ሲሆን፣ ዘንጉ ያለ ልክ ወደ ታች ስለተቆለመመ ገና ሮቶው ሲጋመስ ይዘጋል። ቁጥቡን ማወቅ ከባድ ነው፤ ምክንያቱም ምንም አያፈስም። ባለቤቶቹ ሙሉ ሮቶ አለን ብለው ዓመታት ይኖራሉ፤ ውሃ ቶሎ ባለቀ ቁጥርም ተከራይን ይጠረጥራሉ። ሦስተኛው ለጋሱ ነው። ወደ ሮቶ የሚወጣውና ከሮቶ የሚወርደው ቧንቧ ታች በአንድ ቲ ተገናኝተው ቼክ ቫልቭ ሳይገባ ሲቀር፣ የመንገዱ ውሃ በጠፋ ሰዓት የሮቶው ውሃ በመጣበት ተመልሶ ወደ ዋናው መስመር ይወርዳል። ማታ ሞልተው የተኙ ሰዎች ጠዋት ባዶ ያገኛሉ፤ ከቁልቁለቱ ያሉ ጎረቤቶች ደግሞ ያለ ፈረቃቸው ውሃ መጣ ብለው እግዜርን ያመሰግናሉ። በለጋሱ ላይ ሰፊ ምዕራፍ ይገባ ነበር፤ ግን ከቁልቁለቱ ያሉት ጎረቤቶች ለቃለ መጠይቅ ፈቃደኛ አይደሉም።

የእኛው ዘማሚ ነው። በዚያ ላይ የትርፍ ውሃ መውጫው ከመግቢያው በላይ ስለተበሳ፣ ትርፉ የሚወጣው በክዳኑ ሥር ነው። ክዳኑ ላይ ድንጋይ አለ። ድንጋዩ ለምን እንደተቀመጠ የሚያውቅ ባይኖርም አንሱት የሚል አልተገኘም።

ሕመሙ የሚታወቀው በድምፅ ነው። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ፈረቃው አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ላይ ይወድቃልና፣ ትርፉ ቆርቆሮው ላይ መንደቅደቅ ሲጀምር የመጀመሪያዋ መርማሪ የጎረቤት ሴት ናት።

«እትዬ! ኧረ እትዬ! ሮቷችሁ ሞልቶ እየፈሰሰ ነው!»

«የኛ አይደለም ልጄ፣ የኛ ጸጥ ያለ ነው።»

«ኧረ የእናንተ ነው፣ በአጥሬ በኩል እየወረደ እኮ ነው!»

«እንግዲያው ፍሎተር አለው፣ ራሱ ያቆማል። ግቢ ብርድ አይምታሽ።»

በዚህ መልስ ውስጥ አከራያችን በፍሎተር ላይ ያላቸው እምነት ምን ያህል የጸና እንደሆነ ይታያል። ፍሎተር ያቆማል፤ ካላቆመም ገና አልደረሰም ማለት ነው።

ጠዋት ጥገና ይጀመራል። አንድ ሰው መሰላል ላይ ይወጣል፤ የቀረው ግቢ ከሥር ሆኖ ያስተምረዋል። ስለዚህ ደረጃ ብዙ አልልም፤ መሰላል ያለው ቤት ሁሉ ያውቀዋል።

አሁን የጥናቱ እምብርት ወደሆነው ወደ ሃይላንድ ደርሰናል። የሠለጠነ አእምሮ ችግሩን ሲመረምር የሚደርስበት መደምደሚያ ይህ ነው፦ ኳሷ ግድግዳ የምትነካው ወፍራም ስለሆነች ነው። ፍሎተሩን ማቃናት ማስፈታት ይጠይቃል፣ ማስፈታት ሰው መጥራት ይጠይቃል፣ ሰው መጥራት ደግሞ ያንኑ ሰው መጥራት ነው። ስለዚህ ኳሷ ወልቃ በምትኳ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ይታሰራል። ሃይላንድ ቀጭን ነው፣ ይንሳፈፋል፣ ዋጋው በውሃው ውስጥ ተከፍሏል። ይህን የፈለሰፈው ሰው ስም ጠፍቷል እንጂ፣ ወደ ላይ ወጥቶ ክዳን ለገለጠ ሰው ፍሬው በየጣሪያው ይታያል።

ሃይላንድ በመጠኑ ይመደባል። ባለ ግማሽ ሊትሩ ለዓይን የሚያምር፣ በግድግዳና በዘንግ መካከል እንደ ልቡ የሚመላለስ ነው፤ ነገር ግን አቅም የለውም። አርኪሜዲስ እንዳስተማረን አንድ ነገር ወደ ላይ የሚገፋው በሚያፈናቅለው ውሃ ክብደት ልክ ነው። 12 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላት ኳስ ሙሉ በሙሉ ስትጠልቅ 0.9 ሊትር ያህል ታፈናቅላለች፤ ግማሽ ሊትሩ ግን ግማሽ ኪሎ እንኳ በቅጡ አያነሳም። ስለዚህ ጎሚኒዋ ትጠጋለች እንጂ አትገጥምም፤ የውሃው ግፊት የበረታ ሌሊት ጠብታው ሳያቋርጥ ያድራል። ባለ ሁለት ሊትሩ በተቃራኒው ጉልበት ሞልቶ ተርፎታል፤ ግን ወገቡ ስለሚሰፋ እንደገና ግድግዳ ይነካል፣ ችግሩም ወደ ኳሷ ዘመን ይመለሳል። ባለ አንድ ሊትሩ ልከኛው ነው። ከኳሷ ጋር እኩል ያነሳል፣ ከኳሷ ይልቅ ይቀጥናል። የግማሽ ሊትር ወገኖች ሁለት ጠርሙስ አንገት ለአንገት አስረው «መንታ» የሚሉትን ፈጥረዋል፤ መንታው ሲሽከረከር ከዘንጉ ጋር ስለሚጠላለፍ በዚህ ጥናት ዕውቅና አልተሰጠውም።

ቀጥሎ ክዳኑ ነው። ክዳኑ በደንብ ያልጠበቀ ሃይላንድ ቀስ በቀስ ውሃ ይጠጣል፤ ሲጠጣ ይሰምጣል፤ ሲሰምጥ ዘንጉን ይዞ ይወርዳልና ቧንቧው ወለል ብሎ ይከፈታል። ስለዚህ ክዳኑን የሚያጠብቀው በቤቱ ውስጥ እጀ ጠንካራው ሰው ነው። ግን ክዳኑ የት ሆኖ ተዘጋ የሚለውም ይታያል። በ1,200 ሜትር ከፍታ ገደማ ላይ ባለችው ድሬዳዋ ተጠጥቶ እዚያው የተከደነ ጠርሙስ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ውስጡ ያለው አየር ስለሚለጠጥ ደረቱን ነፍቶ ይደነድናል። እንጦጦ ላይ የተከደነው ደግሞ ወደ ከተማ ሲወርድ ጎኑ ይሰረጉዳል፤ የተሰረጎደ ጠርሙስም የሚያፈናቅለው ውሃ ያንሳል። አከራያችን የሚጠቀሙት ልጃቸው ከድሬዳዋ ሲመለስ በመኪና ይዞት የመጣውን ነው። ይህን ስነግራቸው «ሳይንስ ሆነ አልሆነ፣ የልጄ ጠርሙስ ነው» አሉ።

ስያሜውን የያዘው መጠቅለያ ይነሳ ወይስ ይቆይ? ይነሳ። ይህ ክርክር አይደለም። ያልተነሳ መጠቅለያ ሙጫው ሲለቅ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ሮቶው የተሟጠጠ ቀን ወደ መውጫው ተስቦ ይገባል፤ ከዚያ ቁልቁል ወርዶ ጥግ ያለ ቦታ ላይ ይታጠፋል። ወጥ ቤት ውሃ ቢጠፋ ማንም ሰው ጣሪያ ላይ ያለ ጠርሙስ ልብስ ነው ብሎ አይጠረጥርም። መጀመሪያ የሚጠረጠረው መንግሥት ነው፣ ቀጥሎ ተከራይ።

ማሰሪያው ላይ ሊቃውንት ይለያያሉ። ሲባጎ ውሃ ውስጥ ከርሞ ይበሰብሳል። ሽቦ ይዝጋል፣ ዝገቱም ሻይ ላይ ይታያል። የጫማ ማሰሪያ ቋጠሮው ይሟልጫል። የሚሻለው ከመነዳሪ ነው፤ ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ በጣት ስፋት ተቆርጦ፣ እየተወጠረ በጠርሙሱ አንገትና በዘንጉ ጫፍ ላይ ይጠመጠማል፤ የመጨረሻው ጫፍ በራሱ ሥር ሾልኮ ይሳባል። በትክክል የተጠመጠመ ከመነዳሪ ሲላቀቅ የሚጮኸው ድምፅ ጥራቱን ይናገራል። የጎረቤት ብስክሌት ጠጋኝ የሚሰጠው በነፃ ነው፤ ለምን እንደሆነ ከጠየቀ ግን «ለሮቶ» ማለት ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ አዝኖ ሁለት ይሰጣል።

በኳስ ፈንታ የገባ ሃይላንድ ስንት ጊዜ ያገለግላል የሚለውን ለመመለስ ግቢው ውስጥ የሚኖሩትን ጠይቄ ነበር። ሁሉም ሲገቡ እዚያው ነበር። ሮቶው ጥቁር ስለሆነ ብርሃን አያስገባም፤ ብርሃን ስለማይገባ አልጌ አይበቅልበትም፤ ስለዚህ ጠርሙሱ የአዲስ ያህል ንጹሕ ነው። ለጊዜው የተደረገ ነገር እንዲህ ካማረበት ማን ይነካዋል?

ከዚህ ቀጥሎ የክዳን ድንጋዮችን በዓይነታቸው የመመደብ ዕቅድ ነበረኝ። ነገር ግን ባለፈው ሰሞን ሌላ ቧንቧ ሠራተኛ ለሻወር ሥራ መጥቶ፣ ወደ ላይ ቀና ብሎ አየና «ይሄ ቧንቧ አጥሮ ነው እንዴ?» አለ። ማንም አልመለሰለትም። ጌት ቫልቩን ዘጋ። ኪሱ ውስጥ ስንዝር የምታህል ኒፕል ነበረችው፤ ጥርሷን በቴፍሎን በሚጠብቅበት አቅጣጫ አዙሮ ጠቀለለ፣ ቧንቧውን አስረዘመ። ከዚያ ክዳኑን ከፍቶ እስከ ብብቱ እጁን ከተተ፤ ፍሎተሩን ከውስጥ በአንድ እጁ ጨብጦ አላንቀሳቅስ ብሎ ያዘ፣ በሌላው እጁ ከውጭ አጠበቀ። ምሥጢሩ ይኸው ነው፤ ከውስጥ የሚይዘው ከሌለ ማጥበቅ ራሱ ፍሎተሩን ያዞረዋል። ዘንጉ ወደ መሀል ዞረ። አሮጌዋን ኳስ ከመሣሪያ ሳጥኑ ሥር ካለ እንቅብ አወጡለት፣ አቧራዋን በሱሪው ጠረገና ገጠማት። የትርፍ ውሃ መውጫውን ከመግቢያው በታች ዝቅ አድርጎ በሳው። ሻይ እንኳ ሳይፈላ ወረደ።

ሌሊት ውሃ መጣ፣ ሞላ፣ ቆመ። ጎረቤቷ ጠዋት አጥሩ ጋ መጥታ «እትዬ፣ ሮቷችሁ ደህና ነው? ምነው ድምፁ ጠፋ?» አለች።

አከራያችን የሠራተኛውን ሒሳብ ሲከፍሉ ብዙ ተከራከሩ፤ አንዲት ኒፕል ለምን ይህን ያህል ታወጣለች ብለው። ሃይላንዱን ግን ከመነዳሪው ጋር አስፈትተው በሳሙና አሳጠቡት። አሁን ነጭ ጋዝ ተሞልቶበት ወጥ ቤት በር ጥግ ቆሟል፤ ክዳኑ ከድሬዳዋ እንደመጣ አጥብቆ ይዟል።