ዕፅዋት በል ሲክሊዶችን አብልቶ ስለ መግደል

ሲክሊድ በአፍሪካ፣ በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ እንዲሁም በአንዳንድ የእስያ አካባቢዎች የሚገኝ ሰፊ የዓሣ ቤተሰብ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ሐይቆች ቆሮሶ እየተባለ የሚጠራው ዓሣም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። ከቤተሰቡ መካከል የታንጋኒካ ሐይቁ ትሮፊየስና የማላዊ ሐይቁ ምቡና ለውበታቸው ሲባል በአኳሪየም፣ ማለትም በመስታወት የዓሣ ገንዳ፣ በየቤቱ ይያዛሉ። ትሮፊየስና ብዙዎቹ የምቡና ዝርያዎች የሚኖሩት ፀሐይ በሚደርስባቸው የዳርቻ ዐለቶች ላይ የሚበቅለውን ዋቅላሚ፣ ማለትም ዐለቱን እንደ አረንጓዴ ምንጣፍ የሚያለብሰውን አልጌ፣ እየጋጡ ነው። እነዚህን ዓሦች በሰው ቤት ከረኃብ ይልቅ የሚያሰጋቸው የባለቤታቸው ቸርነት ስለሆነ፣ ከዚህ በታች ዓሦቹን ለማጣት የሚያበቃው መንገድ በቅደም ተከተል ቀርቧል፤ አንባቢው እያንዳንዱን ምክር ገልብጦ ቢሠራበት ዓሦቹ ይተርፋሉ።

ዓሦቹን ለማጣት የቆረጠ ሰው በመጀመሪያ ስለ ሆድ ዕቃቸው ምንም አለማወቅ ይኖርበታል። የትሮፊየስ አንጀት ከአካሉ ርዝመት ብዙ እጥፍ የሚረዝምና ተጠቅልሎ የተቀመጠ ሲሆን፣ ይህም የሆነው ዋቅላሚ ንጥረ ምግቡ አነስተኛ፣ መፈጨቱም አዝጋሚ በመሆኑ ዓሣው ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት እየጋጠ እንዲኖር ነው። ይህን ያወቀ ባለቤት የሚሰጠውን ምግብ ለመምረጥ ስለሚገደድ፣ ጥፋቱ ገና ከጅምሩ ይሰናከላል።

ቀጥሎ የሚመከረው የበሬ ልብና የትንኝ እጭ አዘውትሮ ማብላት ነው። የዓሣ የሰውነት ሙቀት ከሚኖርበት ውኃ ጋር እኩል ስለሆነ፣ በበሬ አካል ውስጥ ለስላሳ የነበረው ስብ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነው የዓሣ ሆድ ውስጥ ይረጋል፤ ለዝግታ በተሠራው ረጅም አንጀት ውስጥም ያለ አግባብ ይቆያል። እርግጥ ነው፣ ዓሦቹ በሐይቃቸው ዋቅላሚውን ሲግጡ በውስጡ የተሸሸጉ ጥቃቅን ፍጥረታትንም አብረው ስለሚውጡ፣ ጥፋቱ ከእንስሳ የተገኘ ምግብ በመቅመሳቸው ሳይሆን ይኸው ምግብ ዋና ቀለብ በመሆኑ ነው።

ሦስተኛው ምክር ዓሣው በለመነ ቁጥር መስጠት ነው። ቀኑን ሙሉ ሲግጥ እንዲውል የተፈጠረ ዓሣ የቀረበለትን ምግብ የሚገፋበት ምክንያት ስለሌለው፣ ሰው ወደ ገንዳው በቀረበ ቁጥር መስታወቱን እየታከከ ይጠብቃል። እንግዳው ጠግቦ ሳለ እንኳ በጉርሻ ላይ ጉርሻ እንደሚደራርብበት አስተናጋጅ የሚሆን ባለቤት፣ በአንድ ጊዜ እፍኝ ሙሉ ምግብ ቢበትን ዓላማው ይሠምርለታል። ለዓሦቹ የሚያስብ ግን በደቂቃ ወይም በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚያልቅ ትንሽ ምግብ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይሰጣል፤ ጉልበተኞቹ ብቻ እንዳይጠግቡም በገንዳው ላይ ሁሉ ይበትነዋል።

አራተኛው ምክር የተረፈውን ምግብ በገንዳው ወለል ላይ መተው ነው። የበሰበሰ ምግብና የዓሣ ኩስ አሞኒያ የተባለውን ንጥረ ነገር ያመነጫሉ፤ አሞኒያም በውኃ ውስጥ ጉዳቱ ቀላል በሆነው አሞኒየምና የዓሦቹን መተንፈሻ ስንጥብ በሚያቃጥለው መርዛማ አሞኒያ መልክ ይገኛል። የሁለቱን ድርሻ የሚወስነው በዋናነት ፒኤች፣ ማለትም የውኃው አሲዳማነት ወይም አልካላይነት መለኪያ ነው፤ እርሱ ከፍ ባለ መጠን የመርዛማው ድርሻ ይበዛል። የታንጋኒካ ውኃ ፒኤች ወደ 9 የሚጠጋ በመሆኑና የዓሦቹ ገንዳም ይህንኑ እንዲመስል ስለሚደረግ፣ በሌላ ገንዳ ብዙም የማይጎዳ ትርፍራፊ እዚህ ለሞት ያበቃል።

አምስተኛው ምክር በገንዳው ድንጋዮች ላይ የበቀለውን ዋቅላሚ ሁሉ ፍቆ መጣል ሲሆን፣ ይህም ዓሦቹን ከተፈጥሯዊ ምግባቸውና ከቀን ሥራቸው አንድ ላይ ይለያቸዋል።

የመጨረሻው ምክር የሕመም ምልክትን ችላ ማለት ነው። ብሎት የሚባለው የሆድ መነፋት በሽታ ከማይስማማ ምግብ፣ ከጭንቀትና በአንጀት ውስጥ ከሚራቡ ጥገኛ ተሕዋስያን ጋር ይያያዛል። ዓሣው ምግቡን አፉ ውስጥ አስገብቶ መልሶ ሲተፋ፣ ኩሱም ነጭና ክር መሳይ ሲሆን፣ ባለቤቱ የምግብ ፍላጎቱን ለመቀስቀስ ብሎ ይበልጥ የሚጣፍጥ ሥጋ ቢጨምርለት ሆዱ አብጦ ይሞታል። ምልክቱን በጊዜ ያየ ሰው ግን መመገቡን አቁሞ፣ ውኃውን መርምሮና በከፊል ቀይሮ፣ ስለ መድኃኒቱ የእንስሳት ሐኪም ያማክራል።

ትክክለኛው መንገድ ውድም አስቸጋሪም አይደለም። ስፒሩሊና የተባለው አረንጓዴ ደቂቅ ሕዋስ በብዛት ያለበት ደረቅ ምግብ ዋናው ቀለብ ሊሆን ይችላል፤ በደንብ የታጠበና በፈላ ውኃ ለአፍታ የተነከረ ቆስጣ፣ ዝኩኒ ወይም የተላጠ አተርም ይታከልበታል። የዱር ዓሣ የማይስማማውን ትቶ ወደ ሌላ ዐለት መሄድ ሲችል፣ የገንዳ ዓሣ ግን ከተሰጠው በቀር ምርጫ የለውምና፣ ወደ ገንዳው የሚገባው እያንዳንዱ ቁንጥር የባለቤቱ ሙሉ ኃላፊነት ነው።